የባለ ስዊቱ ሚስት

ሰፈሩ ባሏን «ባለ ስዊቱ» ይለዋል፤ ስዊት የሚሉት የሆቴል ቅንጡ ክፍል ነው። እሱ ሙገሳ ይመስለዋል። እሷ ግን ይህ ቅጽል በተጠራ ቁጥር ፊቷን ታጨማድዳለች፤ ሞኝ ባያፍር የሞኝ ዘመድ ያፍራል።

ሰውየው ዕድሜ ልኩን የመድኃኒት ኩባንያ ወኪል ነበር። አገር ላገር ዞሮ፣ ሐኪሞች ጋብዞ፣ ኩባንያው በከፈለለት ክፍል ተኝቶ ጡረታ ወጣ። ከዚያ ሁሉ ዙረት ያተረፈው ነገር ቢኖር ወሬ ነው። ወሬውም ስለ ሐኪም ወይም ስለ በሽተኛ እንዳይመስላችሁ፤ ስለ አልጋ ነው። አንዱ ክፍል ክብ አልጋ ነበረው። የአንዱ ወለል መስታወት ሆኖ ከእግሩ ሥር ዓሣ ይዋኛል። አንዱ ደግሞ ትራስ እንደ ምግብ በዝርዝር ቀርቦለት «የትኛውን ይፈልጋሉ?» የተባለበት ነው። ትልቅ ሰው፣ የልጆች አባት፣ ትራስ አማረጥኩ ብሎ ዓይኑን በጨው አጥቦ ይፎክራል።

እሷ ልብስ ሰፊ ናት። ፊተኛው ክፍል መስኮቱ ሥር፣ በእግር በሚረገጠው መኪናዋ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ሦስት ልጆች አሳድጋለች። እሱ ስለ ክፍሎቹ ሲያወራ እሷም በሆዷ የራሷን ታወራለች። ክቡ አልጋ? እናቷን የቀበረችበት ሰሞን ነው። ዓሣው? ጣሪያው አፍስሶ የሰው ጨርቅ የተበላሸበት ክረምት። ትራሱ? ታናሹ ልጅ ከአጥር ወድቆ ክንዱ የተሰበረ ጊዜ። እሱ የሚኮራበትን ክፍል ሁሉ እሷ በሌላ ስም ታውቀዋለች።

ጡረታ ከወጣ ወዲህ ደግሞ የገዛ ቤቱን ሆቴል አድርጎታል። ፎጣውን መሬት ጥሎ ይወጣል። አልጋ ማንጠፍ የሚባል ነገር አያውቅም። ቁርስ ሲቀርብለት ቀና እንኳ ሳይል «አመሰግናለሁ» ይላል፣ ለአስተናጋጅ እንደሚባለው። አንድ ቀን «ቲፕ አትተውም?» ብትለው ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ ግን የምሯን ነበር።

በአንድ ነገር ብቻ ታምነው ነበር። ሴት ልጃቸው ሕፃን ሳለች ማጅራት ገትር ያዛት። ጎረቤታቸው ባለ ወፍጮው ዱቄት በሚጭንበት መኪና እናትና ልጅን ሆስፒታል አደረሳቸው። ሐኪሙ ነገሩን አይቶ «አባቷን ጥሩት» አለ። እሷም ባሏ ያረፈበት ሆቴል ደወለች። «ክፍላቸው ገብተዋል፣ ላገናኝዎት» አሏት። ጠራ፤ የሚያነሳ የለም። ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው። ልጅቷ በእግዜር ቸርነት ተረፈች፣ ግራ ጆሮዋ ግን እስከ ዛሬ አይሰማም። እሱ ሲመለስ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። «እኔ ክፍል ስልክ አልጮኸም። ብሰማ ኖሮ በርሬ እደርስ አልነበር?» ብሎ በልጁ ማለ። አመነችው። ያንን ባታምነው ኖሮ ከሱ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አትቆይም ነበር፤ ይህን ራሷም ታውቀዋለች።

ዘንድሮ ልጆቹ ተባብረው ለጋብቻቸው በዓል ሁለቱን ወደዚያው ሆቴል ሊልኳቸው አስበው ትኬት ገዙ። አባት «ወይኔ፣ አንዴ ብቻ አድሬበት ቀረሁ» እያለ የኖረው ለዚያ ክፍል ነው። እናት መጀመሪያ እንቢ አለች። በኋላ ግን ስልኩ ካልጮኸ ክፍሉ ምን አጠፋ፣ ሰውየውስ ምን አጠፋ ብላ ልቧ ራራ። ስንት ዓመት ለሰው ስትሰፋ የኖረች ሴት ለራሷ ሰማያዊ ቀሚስ ቆረጠች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ተሰብስበዋል። እሷ የቀሚሱን ጠርዝ በእጇ ትጠልፋለች። እሱ ስለዚያ ክፍል መታጠቢያ ቤት ጀምሯል።

«ገንዳው ከኛ አልጋ ይሰፋል። እዚያው ተኝተሽ ባሕሩን ታይዋለሽ። ስልክ ሳይቀር አለው፣ እዚያው ገንዳው አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ። አረፋው ውስጥ ተዘፍዝፌ ሳለሁ አይጮኽ መሰላችሁ? ይጮኻል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይጮኻል። አለቃዬ ነው፣ ዛሬስ አያገኘኝም ብዬ ጆሮዬን ውሃው ውስጥ ነከርኩት። እንደዚያን ቀን ተዝናንቼ አላውቅም።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ባለ ስዊቱ ራሱም ተመልጧል፣ አፉም አመለጠው፤ ሁለቱንም አላወቀም። ወንዶቹ ልጆች ሳቁ። ሴት ልጅቷ በደህናው ጆሮዋ በኩል ወደ እናቷ ዞራ «አባዬ ምን አለ?» ብላ ጠየቀች።

እናት ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ስልኩ ጮኾ ነበር ይልሻል» አለቻት።

ያን ጊዜ የሚስቱን ፊት አየ። «ኧረ ያ ሌላ ጊዜ ነው» አለ ቶሎ ብሎ።

«ሌላ ጊዜ ሄደህ ታውቃለህ?»

ልጆቹ ሳቃቸውን አቁመው እሱን ማየት ጀመሩ። እሷ ያን ሁሉ ዘመን የናቀችው መስሏት ነበር፤ ለካ እስከዚያች ደቂቃ አልናቀችውም ነበር።

ቀሚሱን አጣጥፋ ሴት ልጇ ጭን ላይ አኖረችው። «ውሰጂው፣ ልክሽ ነው» አለቻት። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

«አንተ ግን ሂድ፣ ትኬቱ አይቃጠል። እንደ ልብህ ተዘፍዘፍ። እኔ እንደሆንኩ ምንም ቢመጣ አልደውልልህም።»