የውሻ ዳኛው ጋሼ እምሩ

እኔ ውሻ አልወድም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ስለ ጋሼ እምሩ ሳወራ ውሻ ወዳድ መስዬ እንዳልታይ ነው። ከቀየት ወደ ጓሳ በሚወጣው መንገድ ዳር አጥር ተጋርተን ስንኖር፣ የእሳቸው ግቢ ውሾች ያላስበረገጉኝ ቀን የለም። ሰውየውን ግን እወዳቸዋለሁ። ባለፈው ዓመት የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ከሆዴ ያልወጣው ለዚህ ነው።

ጋሼ እምሩ የሚተዳደሩት በግ በማርባትና ከጠጉሩ ባና በመሸመን ነው። ስማቸውን ያስጠራው ግን ውሻ መምረጥ ነው። ከግሼ ሳይቀር ሰው ቡችላ በጋቢው ታቅፎ ይመጣል። እሳቸው ሽመናቸውን ትተው ይወጡና ቡችላውን በማጅራቱ ይዘው ወደ ላይ ያነሱታል። ካለቀሰ መልሰው ያስቀምጡታል። እግሩን ሰብስቦ ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ አፉን ከፍተው ላንቃውን ያያሉ። ላንቃው ጥቁር ከሆነ ራሳቸውን ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ፤ ባለቤቱም ልጁ ፈተና ያለፈለት ያህል ደስ ብሎት ይሄዳል።

ያደገ ውሻ ከሆነ ደግሞ ዱላ አንስተው ከፊቱ መሬቱን ይመታሉ። ጅራቱን ቆልፎ የሚሸሸውን ይተዉታል። ዱላውን ሊነክስ ዘሎ የሚመጣውንም አይወዱትም። "ይኼ ቁጡ ነው፤ ቁጣና ጀግንነት ወንድማማች አይደሉም፤ ነገ በጉንም ልጁንም ይነክሳል" ይላሉ። የሚመርጡት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ፣ አይቶ፣ ተመልሶ የሚቆመውን ነው።

"የማይፈራ ውሻ እግዜር አልፈጠረም" ይሉ ነበር። "ፍርሃቱን ይዞ የሚቆም ነው ያለው።"

ክፋቱ፣ ሰውንም በዚሁ ዓይን ያዩ ነበር። ልጃቸው አብርሽ በጎቹን ትቶ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ሚኒባስ መንዳት ሲጀምር "ብርዱን ፈርቶ ነው" አሉ። ለእሱም ነገሩት፤ ለእኛም ነገሩን። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሉ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ሰላምታ እንጂ ጨዋታ አልነበራቸውም።

አንድ ቀን አብርሽ ከደብረ ብርሃን ቡችላ ይዞ መጣ። አባቱ ጀርመን የሚሉት የፈረንጅ ውሻ፣ እናቱ ያገራችን ናት። ጆሮው ከፊቱ ይበልጣል። ጋሼ እምሩ ክልስ ውሻ አይወዱም፤ "ባንዱ ወገኑ ይደነፋል፣ ባንዱ ይሸሻል፣ የቱ እንደሚመጣብህ አታውቅም" ባይ ናቸው። የሆነው ሆኖ በማጅራቱ ቢያነሱት መንደሩ እስኪሰማ አለቀሰ።

"ይኼ እንኳን በግ፣ ሊጥም አይጠብቅ" ብለው ለልጃቸው መልሰው አቀበሉት።

አብርሽ ፊቱ ተለዋወጠ። "ይታያል፣ አባባ" አለ። የቡችላውንም ስም ይታያል አለው። ባገራችን የውሻ ስም ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነው፤ ይህኛው ግን ለገዛ አባት የተላከ ነበር። ውሻውንም እዚያው ትቶት ሄደ።

ይታያል አደገ፤ ጥጃ አከለ። ነጎድጓድ ሲሰማ ግን አልጋ ሥር ይገባል። አውራ በጉ ቀንዱን ሲያወዛውዝበት ይሸሻል። መንደሩ ሳቀበት። እኔም ስቄበታለሁ፤ እውነቱን ለመናገር በዚያ ግቢ ያላስፈራኝ ውሻ እሱ ብቻ ነበር።

ከዚያ የጅቡ ነገር መጣ። ጥር ውስጥ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ አንድ ጅብ ሰተት ብሎ በጎቹ መሀል ገባ። ማን ይነካው የተባለው የጋሼ እምሩ ምርጥ ውሻ ከሩቅ ቆሞ ይጮኻል እንጂ አይጠጋም። ይታያል በካቡና በጅቡ መሀል ተቀርቅሮ መሸሻ አጣ። አፍንጫውን ተነክሶ እየደማ የጅቡን ጉሮሮ ያዘ፤ እኛ በመጥረቢያና በዱላ ደርሰን ጅቡን እስክንጥለው ድረስም አልለቀቀም። ማን ይነካው ያን ጊዜ ነው የተጠጋው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ጋሼ እምሩ ስልካቸውን አወጡ። ሁላችንም እየሰማን ለልጃቸው ደወሉና "አብርሽ፣ ተሳስቼ ነበር። ያመጣህልኝ ጀግና ነው" አሉት። አብርሽ በስልኩ ውስጥ "እሺ፣ አባባ" ሲል ድምፁ ተቆራረጠ። ውሻ አልወድም ያልኩት ሰውዬ እንባዬ መጣ።

እማማ ኮከቤ የሚባሉ አሮጊት ጎረቤታችን ብቻ የጅቡን ሬሳ በበትራቸው ነካ እያደረጉ "ጅብ በቀትር ምን ፍለጋ ይወጣል? ይኼ ጤነኛም አይደል" አሉ።

"ርቦት ነዋ!" ብለው ጋሼ እምሩ ተቆጧቸው። ከስንት ጊዜ በኋላ ከልጃቸው ጋር የታረቁበትን ደስታ ማንም እንዲነካባቸው አልፈለጉም። እኛም አልፈለግንም። የውሻውን ቁስል በጨው ውኃ አጥበው፣ ቅቤ ቀብተው፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከራሳቸው ቂጣ እየቆረሱ ይሰጡት ጀመር።

መጋቢት ሲገባ ውሻው ተለወጠ። የበልጉ ነጎድጓድ ሲያጓራ ጆሮውን እንኳ አያነሳም። አውራ በጉ ሲመጣበት አይሸሽም። መጮኽ ትቶ ዓይኑን አንድ ቦታ ተክሎ ይቆማል። ጋሼ እምሩ ያገኙትን ሰው ሁሉ አቁመው "ጅቡ አስተማረው! ልብ አገኘ!" ይላሉ። አብርሽም በስልክ በየቀኑ ይህንኑ ይሰማል።

በዚያው ሰሞን የሚካኤል ማኅበር የእሳቸው ተራ ነበር። ጸሎቱ አልቆ ጠላው ሲዞር ውሻውን በገመድ አመጡት። ዱላ አንስተው ከፊቱ መሬቱን ቢመቱ ወደ ኋላ አላለም። ዱላውን ነክሶ ያዘ፤ ቢጎትቱት አይለቅም፤ ድዱ ደማ፤ አሁንም አይለቅም። ሰው አጨበጨበ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የማይፈራ ውሻ የለም ያሉት ሰውዬ፣ ፍርሃት የጠፋበት ውሻ ፊታቸው ቆሞ፣ የገዛ ሕጋቸውን ረሱት።

"ላንቃውን እዩልኝ!" ብለው በገዛ እጃቸው አፉን ፈለቀቁት። "እጁን የሚያስገባ ወንድ ማን ነው?"

ተገኘ ተነሳ። ተገኘ ከእኛ በታች የሚኖር፣ እመቤትን ካገባ ዓመት ያልሞላው ወጣት ገበሬ ነው። እጁን አስገባ። ውሻው ነከሰው። ተገኘ አልጮኸም፤ እጁን መንጭቆ አላወጣም፤ ቀስ ብሎ ሳበው። አውራ ጣቱ ሥር ትንሽ ደም ነበር፤ በጋቢው ጠረገው።

ጋሼ እምሩ ትከሻውን መታ መታ አድርገው "አንተም እንደሱ ነህ! በማጅራትህ ባነሳህ ዝም ነው የምትል!" አሉት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ተገኘ የዚያን ቀን ከደስታው ብዛት ጠላውን ሳይጨርስ ተነስቶ ለሌላው ይቀዳ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ይታያል ገመዱን በጥሶ አንዲት በግ ቦጫጨቀ። አገጩ ተንጠልጥሎ፣ ለሃጩን እያዝረበረበ ወደ ጓሳ ሲያመራ ሰዎች ከበው ገደሉት። አብርሽ የዚያን ቀን መጥቶ ነበር። የውሻውን አፍ አየና ወደ አባቱ ዞረ።

"አባባ፣ አብዷል እኮ" አለ።

ጋሼ እምሩ ካቡ ላይ ተቀመጡ። እሳቸውም እጃቸውን አፉ ውስጥ ከትተው ነበርና አብርሽ እየጎተተ መሐል ሜዳ ወስዶ የእብድ ውሻ መርፌ አስጀመራቸው። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ በሽታው ሳይነሳ ከተወጉ እንደሚድኑ፣ አንዴ ተነስቶ ሰው ነፋስና ውኃ መፍራት ከጀመረ ግን መድኃኒት እንደሌለው ነገረቻቸው። ሲመለሱ ወደ ቤታቸው አልገቡም። በቀጥታ ተገኘ ደጅ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

"ተገኘ፣ ልጄ፣ ያ ውሻ እብድ ነበር። መርፌ መወጋት አለብህ። አብርሽ ያደርስሃል።"

ተገኘ ሳቀ። "ጋሼ፣ ያበደው ኋላ ነው። እኔን ሲይዘኝ ጤነኛ ነበር። እርስዎ ራስዎ አልመሰከሩም?"

"ተሳስቻለሁ።"

"እርስዎ በውሻ አይሳሳቱም። አብርሽ ነው ያስፈራራዎት። ከተማ የዋለ ሰው ሁሉን ይፈራል።"

ይህ ጋሼ እምሩ ራሳቸው ስለ ልጃቸው ሲናገሩት የኖሩት ቃል ነበር።

በማግስቱም ሄዱ። ሌላ ቀን ከቄሱ ጋር ሄዱ። እሑድ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ መሀል ቆመው "ስለ ውሻ የተናገርኩትን ሁሉ እርሱት፤ እኔ እምሩ ምንም አላውቅም" ብለው በሰው ፊት ጮኹ። አንጀቴን በሉት። ሰው ግን "አይ እርጅና!" ብሎ አለፈ። ስም ለማትረፍ ዕድሜያቸውን ፈጅተዋል፤ በአንድ ቀን ልጣለው ቢሉ ማን ይቀበላቸው። ተገኘ ጭራሽ ቁስሉ መድረቁን ላገኘው ሁሉ ያሳይ ጀመር። "ለዚህች ጭረት ከተማ ሄጄ የሰው መሳቂያ ልሁን?" ይላል። እኔ በበኩሌ አስሮ መውሰድ ነው ብዬ ነበር፤ የሰማኝ የለም።

"ፈሪ ለእናቱ ነው፣ ልጄ" ብለው ለመኑት ጋሼ እምሩ። "ለእመቤት ስትል ፈሪ ሁንላት።" እግሩ ላይ ሊወድቁ ጎንበስ ሲሉ ደንግጦ ደግፎ አነሳቸው፤ ጉልበታቸውን ሳመ። ግን አልሄደም።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ እመቤት ወደ ጋሼ እምሩ ግቢ መጣች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች።

"ጋሼ፣ የተነከሰው እጁ ያሳክከዋል። እንቅልፍ የለውም። ነፋስ ሲነካው ይበረግጋል። ለሰው አትንገሪ ብሎኛል" አለች።

ጋሼ እምሩ የያዙትን ድርና ማግ ጥለው ተነሱ፤ አብርሽንም በስልክ ጠሩት። ተገኘ ዘንድ ሲደርሱ ስለ ውሻ አንድ ቃል አልተነፈሱም። "እኔን አሞኛል። አብርሽ መኪናውን ይነዳል፤ የሚደግፈኝ የለም። እስከ መሐል ሜዳ ድረስ አጅበኝ" አሉት። ሽማግሌ አጅበኝ ብሎ እምቢ የሚል ሰው በኛ አገር የለም። ተገኘ ጋቢውን ደርቦ ወጣ። እኔም አብሬያቸው ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁ።

መንገዱን ሁሉ ተገኘ እሳቸውን አቅፎ ሄደ። ግን መስኮት በተከፈተ ቁጥር አንገቱን በጋቢው ይሸፍናል። ጋሼ እምሩ "መስኮቱን ዝጉልኝ፣ በረደኝ" ይላሉ። አብርሽ በመስታወቱ አባቱን ያያል።

ጤና ጣቢያው ደጅ ሰው ተሰልፏል። እኔ ቀድሜ ገብቼ ለነርሷ ነገርኳት። ወጥታ ተገኘን አየችው፤ ስለ እጁ ጠየቀችው። ከዚያ ውኃ በኩባያ ቀድታ ሰጠችው።

"ጠጣ እስቲ፣ ወንድሜ" አለችው።

ተገኘ ኩባያውን ወደ አፉ አስጠጋ። ጉሮሮው ተኮማተረ፤ ውኃው ደረቱ ላይ ፈሰሰ። እንደገና ሞከረ። ከዚያ ኩባያውን ከራሱ አርቆ ያዘው፤ ዓይኑ ፈጠጠ።

"ጋሼ፣ ምንድን ነው ይኼ?" አለ።

ነርሷ ወደ እኔ ዞራ ራሷን ነቀነቀች። አብርሽ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከተሰለፉት ሰዎች አንዳንዶቹ ወጣቱ ምን ነካው እያሉ አንገታቸውን ማስገግ ጀመሩ፤ አንዱ ሳቀ።

ጋሼ እምሩ ኩባያውን ከእጁ ተቀብለው ብብታቸው ሥር ደበቁት። ጋቢያቸውን አወለቁ፤ ተገኘ ፊት ቆመው በሁለት እጃቸው ዘርግተው ከሰው ዓይን ከለሉት።

"ምንም አይደል፣ ልጄ" አሉት። "ውኃው ቀዝቅዞ ነው።"