የመቀስ ክራንቻ

አክስቴን ሰፈሩ ሁሉ «መቀስ» ነው የሚላት። በልብስ ስፌት ቤቷ ሠላሳ ዓመት ስትሠራ በመቀስ ክር ቆርጣ አታውቅም፤ ክሩን ወደ አፏ፣ በላይኛው ክራንቻዋ ቅንጥስ! እኔም እሷ ዘንድ ሙያ ስለምድ መጀመሪያ የያዝኩት ይሄንኑ አመል ነው።

አንድ ሰሞን ያ ክራንቻ አመማት፤ ጉንጯ አበጠ። አባቴ፣ ታናሽ ወንድሟ ማለት ነው፣ መጥቶ፣ «እትዬ፣ ነቅለሽ መገላገል ነው። እኔን አታይም?» አላት። ምኑን ትየው? ጥርሱን አስነቅሎ አስነቅሎ ዳቦ በሻይ እያራሰ የሚበላ ሰው!

«ሞኝህን ፈልግ!» አለችው። «አብሮኝ ያረጀ ጥርስ ነው፤ አመመኝ ብዬ አልጥለውም።»

ወይ ፍንክች! አብሬያት ጥርስ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ የታመመውን ነርቭ ገድላ አውጥታ፣ ሥሩን ጠርጋ፣ ቀዳዳውን በጊዜያዊ መሙያ ደፈነችው። «ነርቩ ሞቷል፤ ከእንግዲህ ብዙም አያምዎትም። ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ የጥርስ ቆብ እስክናለብሰው ድረስ ምንም እንዳይነክሱበት። ቀስ አድርገው ይቦርሹት» አለቻት።

ከዚህ ሁሉ ምክር አክስቴ ጆሮ የገባው «ሞቷል» የሚለው ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ክር ወደ አፏ ስትሰድ ጮህኩ።

«አክስቴ! ዶክተሯ ምን አለችሽ?»

«ሞቷል አለቻ! የሞተ ምን ይሰማዋል? ይልቅ ሥራሽን ሥሪ!»

ቅንጥስ። ደሜ ፈላ። በየቀኑ ብለምናት፣ ብቆጣት፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

በስምንተኛው ቀን የካፖርት ቁልፍ ስትተክል ወፍራሙን ክር ነከሰች፤ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ምንም አላመማትም። መዳፏ ላይ ስትተፋው የሩዝ ፍሬ የምታህል የጥርስ ስባሪ ናት። ፊቷ ልውጥ አለ።

«በገዛ እጄ አጠፋሁት?» አለችኝ። ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፤ አንጀቴን በላችው።

ሐኪሟ ራጅ አንስታ ብዙ አየችው። «ስንጥቁ ሥሩ ድረስ ወርዶ ቢሆን ኖሮ መንቀል ነበር። ለጥቂት ነው የተረፈው» አለች። ቀጥላም፣ «እናቴ፣ የሞተው ዘበኛው ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። ድሮ ሲያምዎት ይጠነቀቁ ነበር። አሁን የሚጮህልዎት የለም፤ ዘበኛው እርስዎ ነዎት» አለቻት።

አባቴ ይሄን ሰምቶ ስፌት ቤቱ ድረስ መጣ። «አላልኩሽም? አሁንስ ንቀይው!»

«አፍንጫህን ላስ!» አለችው። «ያጠፋሁት እኔ፣ የሚነቀለው እሱ? አላደርገውም!» እዚያው ፊቱ ትንሿን መቀስ በጥብጣብ አስራ አንገቷ ላይ አጠለቀች። ቆቡ እስኪገባ ድረስ በዚያ በኩል እንጀራ እንኳን አላላመጠችም፤ ጠዋትና ማታ መስታወት ፊት ቆማ ስትቦርሽ እቃ የምትፈትሽ ትመስል ነበር።

ቆቡ ገባ፤ ጥርሱም አለ። ሰፈሩ ዛሬም «መቀስ» ይላታል፤ አሁን ግን አንገቷ ላይ ስላለችው ነው።

ባለፈው ሥራ በዝቶብኝ ሳላስበው ክር ወደ አፌ ሰደድኩ። እጄን ቀብ አደረገችና ክሩን በመቀሷ ቆረጠችው።

«ያንቺ ዘበኛ ገና አልሞተም» አለችኝ። «እኔ በቁሜ እያለሁ አትገድይውም!»