በሆዳን ላይ የደገምኩት ዳዊት

ልጅ እያለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ ጅጅጋ ውስጥ አንዲት ጓደኛ ብቻ ነበረችኝ። አባቴ ወታደር ስለነበር ከካራማራ የሚወርደው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። እናቴ ቢሮ ትውላለች። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ፣ ያንን አቧራ የሚያስነሳ ንፋስ እየተጋፋሁ፣ የኔታ ቤት ሄጄ ዳዊት እማር ነበር። ግዕዙን እንደ ውሃ ጠጥቼዋለሁ፤ ትርጉሙ ግን አይገባኝም። ንባቤ ያማረ ስለነበር ትንሽ ጉረኛም ነበርኩ።

ጓደኛዬ የጎረቤታችን ልጅ ሆዳን ነበረች። እሷ ቁርኣን የምትማርበትን የእንጨት ሰሌዳ፣ እኔ ዳዊቴን ይዘን አጥሩ ሥር እንቀመጥና ማን በአንድ ትንፋሽ ብዙ እንደሚያነብ እንወዳደራለን። ሰሌዳዋ የከሰል ቀለም፣ ዳዊቴ የቆዳ ማኅደር ይሸታል። ከዚያ ሰኞ ማክሰኞ እንጫወታለን።

አንድ ቀን ቀረች። ብጣራ እናቷ ከበር ብቅ ብላ «የለችም፣ ሂጂ» አለችኝ። የሆዳን ድምፅ ግን ከውስጥ ይሰማኝ ነበር። በማግስቱም እንዲሁ። ሰኞ ማክሰኞን ለብቻ መጫወት ምን ይሉታል? ጠጠሩን የምወረውረው እኔ፣ ተራ የምጠብቀውም እኔ። መጀመሪያ ከፋኝ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ። የበደለ ሰው ስሙ እየተጠራ ሰባት ቀን ዳዊት ከተደገመበት አይነሳም ሲባል ከሰፈሩ ሴቶች ሰምቻለሁ። ጠላትን የሚረግመውን መዝሙር አውጥቼ፣ በየማለዳው የሆዳንን ስም እያስገባሁ ደገምኩባት።

በሰባተኛው ቀን እናቴ፣ ሆዳን በኩፍኝ ተኝታለች፣ ዓይኗን መግለጥ አቅቷታል ስትል ሰማሁ። ገደልኳት ብዬ እየሮጥኩ የኔታ ጋ ሄድኩና ሁሉንም ተናዘዝኩ።

ኩርኩም ነበር የጠበቅኩት። የኔታ ግን መዝሙሩን ቃል በቃል በአማርኛ ነገሩኝ። ያን ያህል ክፉ ነገር ከአፌ ሲወጣ መሰንበቱን አላወቅኩም ነበር።

«የእሷን እግዜር ያውቅላታል» አሉኝ። «አንቺ ከነገ ጀምሮ በሆዳን ቦታ የራስሽን ስም እያስገባሽ አንብቢው። መጽሐፍ የሚነበበው በራስ ላይ ነው፣ ልጄ።»

በማግስቱ በራሴ ስም ጀመርኩት። ሦስት መስመር ሳልሄድ አቆምኩ። ቂሜን፣ ጉራዬን፣ ብቻዬን መቅረትን ምን ያህል እንደምፈራ፣ ሁሉን እዚያ ውስጥ አየሁት። አልቅሼ፣ አፍንጫዬን ጠርጌ፣ እንደገና ጀመርኩ።

ሆዳን ዳነች። አጥሩ ሥር መጥታ «ሆዮ ናት የከለከለችኝ፣ እንዳይይዝሽ ብላ» አለችኝ፤ እናቷን ሆዮ ነበር የምትላት። ለካ በሽታው የጀመራት እኔ ዳዊቱን ሳልነካው በፊት ነው። ምኞቱ ግን የኔ ነበር። ልነግራት አፌን ከፈትኩና «ተራው ያንቺ ነው» አልኳት። ዓመቱ ሳያልቅ አባቴ ተዛወረና ከጅጅጋ ወጣን።

ዛሬ ትርጓሜው ስልኬ ላይ ሳይቀር አለ። ያኔ ሳይገባኝ የማንበለብለውን አሁን ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ጠላት የሚለው ጋ ስደርስም የራሴን ስም አስገባለሁ። ስህተቴን የሚነግረኝ የኔታ የለም፤ ብቻዬን ነኝ። እግዜር ይቅር እንዳለኝ አምናለሁ። ሆዳን ግን ምንም አታውቅም። ካስታወሰችኝ፣ የምታስታውሰኝ እንደ ጓደኛ ነው።