ሰርቨሯን አላውቅም ያልሁበት ወር

ኢንተርኔቱ ከጠፋ ወራት አልፈው ነበር፤ ልጄ አንዲት ጥቁር ሣጥን ታቅፋ ሱቅ ገባች። የጫማ ካርቶን ታህላለች፤ ከፊቷ ሁለት አረንጓዴ መብራት አላት። ልጄ ከወረቀት ካርቶኖቹ በላይ ያለውን መደርደሪያ ጠርጋ አስቀመጠቻትና «እማ፣ ይቺ ሰርቨር ናት። ካሁን በኋላ ተማሪው መጽሐፉን ከዚች ነው የሚያወርደው» አለችኝ። እኔ በልቤ ያሰብሁት ውኃ እንዳይነካት ብቻ ነበር፤ ጣሪያችን በዚያ በኩል ያፈሳል። ዞር ስትልልኝ ላስቲክ አለበስኋት። ስትመለስ አይታ «እማ፣ ታፍኛታለሽ!» ብላ ገፈፈችው።

ሱቃችን ባሕር ዳር፣ ከአንድ ኮሌጅ በር ፊት ለፊት ናት። ፎቶ ኮፒ እናነሳለን፣ ፕሪንት እናደርጋለን፣ የመመረቂያ ጽሑፍ እንጠርዛለን። አባቷ ከሞተ ጀምሮ ሁለታችን ነን። ሰርቨሯ ከመጣች ወዲህ ተማሪዎቹ ስልካቸውን ከሱቁ ዋይፋይ ጋር እያገናኙ መምህራኖቻቸው ያስቀመጡላቸውን ያወርዳሉ፤ የፈለጉትን እኛ ጋ ያትማሉ። አንዳንድ ቀን ከበራችን እስከ መንገዱ ዘንባባዎች ድረስ ቆመው ስልካቸውን ሲነካኩ ላየ ሰው፣ ሠልፉ የዳቦ ይመስለዋል።

ከዚያ ለልጄ የሥራ ጥሪ ከአዲስ አበባ መጣላት። ኮምፒውተር የተማረች ልጅ ናት፤ ፎቶ ኮፒ ስታነሳ መኖር አልነበረባትም። ይህን አውቃለሁ። መልስ የምትሰጥበት አንድ ወር ተሰጣት።

«ሱቁን እንዲሁ ጥዬብሽ አልሄድም» አለችኝ። «ሰርቨሯን ያለኔ ማስተዳደር ከቻልሽ እሄዳለሁ። ካልቻልሽ እቀራለሁ። ወር አለን።»

ጊዜው መንገዱ እንዴት ነው ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ በየቀኑ የሚለያይበት ነበር። እሷ በአውሮፕላን ነው የምሄደው ትላለች። እኔ ግን የፈራሁት መሄጃዋን አልነበረም። እኔ ብታመም፣ የአውሮፕላን ቦታ ብታጣ፣ እናቴ ብላ አውቶቡስ ላይ ትወጣለች። በዚያ አውቶቡስ፣ ገና ከቤት ሳትወጣ፣ በሐሳቤ ስንት ጊዜ አሳፈርኋት።

ትምህርቱ ከሰዓት በኋላ፣ ደንበኛ ሲሳሳ ነበር። ልጄ ኮምፒውተሩ ላይ ኢንተርኔት የሚታይበትን መስኮት ከፍታ፣ ከላይ አራት ቁጥሮች በነጥብ እየለየች ጻፈች። ገጽ መጣ።

«ኢንተርኔት የለም አላልሽም እንዴ?» አልኋት።

«የለም። ይኼ ውጭ አይወጣም፣ እማ። ከዚህ ተነስቶ መደርደሪያው ድረስ ነው የሚሄደው።»

እኔ የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የእንግሊዝኛን ፊደል አንድ በአንድ እለያለሁ እንጂ ሲገጣጠም አይነበብልኝም። ስለዚህ ደብተር ገዝቼ ቃሉን እንደ ሥዕል ገለበጥሁት፤ ከጎኑ ሥራውን በአማርኛ ጻፍሁ። የሁለት ሰው ራስ ያለበት ዩዘር ነው፤ ሰው ይጨመርበታል። ቢጫው ፎልደር ነው። ቁልፉ ፈቃድ ነው። በቁልፉ ውስጥ አንዱ ሰው ያያል እንጂ አይነካም፤ ሌላው ያያል፣ ያስቀምጣል፣ ያጠፋል፤ ሌላው ደግሞ ፎልደሩ መኖሩንም አያውቅም። ይህን ለመረዳት ብዙ ትምህርት አያሻም። ቤት ያላት ሴት ሁሉ ማን ሳሎን እንደሚቀመጥ፣ ማን ጓዳ ድረስ እንደሚዘልቅ፣ የትኛው ዘመድ ሲመጣ የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ እንደሚል ታውቃለች።

በአራተኛው ቀን ገባኝ። እንደገባኝ ሳውቅ ግን የታየኝ ያ አውቶቡስ ነበር።

«ገባሽ?» አለችኝ።

«ቁልፉ የቱ ነበር?» አልኋት።

እንዲህ ተጀመረ። በየቀኑ ፓስወርዱን አንዲት ፊደል አጉድዬ እጽፋለሁ። ሴቭ ሳላደርግ ገጹን እዘጋለሁ። አንድም ቀን አልተቆጣችኝም። «ቀስ በይ እማ፣ እኔም መጀመሪያ እንዲሁ ነበርኩ» ትለኛለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጠዋት ግን ሌላ ሰው ነበርሁ። ሱቁን የምከፍተው እኔ ነኝ፤ እሷ የምትደርሰው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ብቻዬን ስሆን ደብተሬን ዘርግቼ ገጹ ውስጥ እገባለሁ። የሰው ልጅ የስንት ዓመት ድካም እዚያ ሣጥን ውስጥ አለ፤ ልጄ ድንገት ብትታመምና በኔ እጅ ቢጠፋ ምን እመልሳለሁ? ስለዚህ ባዶ ፎልደር እፈጥራለሁ፣ የሌለ ሰው እጨምራለሁ፣ ማየት ብቻ እፈቅድለታለሁ። ከዚያ በስልኬ እንደዚያ ሰው ሆኜ ገብቼ ለማጥፋት እሞክራለሁ። እንቢ ይለኛል። እንቢ ሲለኝ ደስ ይለኛል። በመጨረሻ የሠራሁትን ሁሉ ሰርዤ፣ ደብተሩን ካርቶን ሥር ከትቼ፣ ፎቶ ኮፒውን እያሞቅሁ ልጄን እጠብቃለሁ።

ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው አንድ አዛውንት መምህር ፍላሽ ይዘው መጡ።

«የመልመጃ ጥያቄ ነው» አሉ። «የሦስተኛ ዓመት ልጆቼ ብቻ እንዲያዩት። ደግሞ አንዱ ተንኮለኛ ገብቶ እንዳይነካካብኝ!»

«እማ ትሠራልዎታለች» አለች ልጄ።

እሳቸውም ዘወር ብለው አዩኝና «እርስዎ ካሉበትማ ሌባ አይደፍርም» ብለው ሳቁ። አሥር ሰዓት ላይ እመለሳለሁ ብለው ሄዱ።

ተቀመጥሁ። ልጄ ከኋላዬ ቆመች። ፎልደሩን ፈጠርሁ፣ ጥያቄዎቹን አስገባሁ። ቁልፉ ላይ ስደርስ አውቄ ለሰው ሁሉ፣ ለማጥፋትም ጭምር ፈቀድሁና «ይኸው» አልሁ።

ጎንበስ ብላ ገጹን አየችው።

«እማ፣ ይኼን ማንም መንገደኛ መጥቶ ያጠፋዋል» አለች። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «በቃ። ነገ ደውዬ አልመጣም እላቸዋለሁ።»

ያሰብሁት ደረሰ። የምደሰት መስሎኝ ነበር። አልተደሰትሁም፤ ፍላሹን ነቅዬ በእጄ አገላበጥሁት።

«ብቻ የት የት ላይ እንደምትሳሳቺ ልይ» ብላ፣ እኔ ደብተሬ ላይ ያልጻፍሁትን አንድ ቦታ ነካች። ረጅም ዝርዝር ወጣ። ገጹ ማን እንደገባ፣ መቼ እንደገባ፣ ምን እንደሠራ ሲመዘግብ ኖሯል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለች። «ስድስት ከአርባ፣ ፎልደር ተፈጠረ። ዩዘር ተጨመረ። ፈቃድ፣ ማየት ብቻ። ስድስት ከሃምሳ ሁለት፣ ሁሉም ተሰረዘ። እኔ አይደለሁም። አንቺ ነሽ?»

ስድስት ስትል ነፍሴ መለስ አለች።

«በስድስት ሰዓትማ ቅዳሴ ነኝ። ጾም አይደል እንዴ? ነጠላዬን ያቀበልሽኝስ አንቺው አይደለሽ?»

ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም።

«እማ፣ ሰርቨሯ የምትቆጥረው በፈረንጅ ነው። የሷ ስድስት የኛ አሥራ ሁለት ነው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ከአርባ። ያን ሰዓት እዚህ ሱቅ ውስጥ ማን አለ?»

እሷ በጣቷ መስመር መስመሩን እየነካች ወደ ታች ወረደች።

«የአሥራ አራት ቀን ጠዋት» አለች። «አንድ ስህተት የለበትም። ለምን?»

«ፈራሁ።»

«እኔ የማልፈራ መስሎሽ ነው? እኔ እኮ በየማታው ስታለቅሺ እየሰማሁ፣ መማር አቅቷት ነው ብዬ ነው ያዘንኩልሽ!»

ይህን ስትለኝ አንዲት ተማሪ አንገቷን በበሩ አስገባች። «ማዘር፣ ዋይፋዩ ይሠራል?»

«ይሠራል» አለች ልጄ፣ ዓይኗን ከኔ ሳታነሳ። «ማዘር የማትችለው ነገር የለም። እሷን ጠይቂያት።»

ተማሪዋ ነገሩ ሳይገባት ፈገግ ብላ ተመለሰች።

«የጋሼን የመልመጃ ፎልደር አስተካክዪ» አለችኝ ልጄ።

አስተካከልሁ። ደብተሬንም አላየሁ። ለሰው ሁሉ የሰጠሁትን ፈቃድ አነሳሁ፣ የሦስተኛ ዓመት ልጆችን ጨመርሁ፣ ማየት ብቻ አልሁ፣ ሴቭ አደረግሁ።

«አሁን የአድሚኑን ፓስወርድ ቀይሪ።»

«ምን ልበለው?»

«አትንገሪኝ።» ወንበሯን አዙራ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

የአድሚኑ ፓስወርድ የቤቱ ሁሉ ቁልፍ ነው። ያ ከተቀየረ ልጄ የገዛ ሰርቨሯን መክፈት አትችልም፤ ልትቀርልኝ ብትፈልግ እንኳ ሰበቡ አልቋል። በሁለት ጣቴ ጻፍሁ። ምን እንደጻፍሁ እዚህም አልናገርም። ገጹ ድገሚው አለኝ፤ ደገምሁት። ሁለቱ አይመሳሰሉም ብሎ በቀይ መለሰልኝ። በዚህ ጊዜ አውቄ አልነበረም። ልጄ ምን ሆነ ብላ አልዞረችም። እንደገና ጻፍሁ፣ እንደገና ደገምሁ፣ ተቀበለኝ።

«ጨረስሁ» አልኋት።

ዞራ መጣችና የድሮውን ፓስወርድ ጻፈች። አላስገባትም። አንድ ጊዜ ደገመችው፤ አሁንም እንቢ አላት።

«ጥሩ» አለችኝ።

ስልኳን አንስታ እዚያው ቆማ ደወለች። እመጣለሁ ስትል ሰማሁ። ቀጥሎ ስልኩን በመዳፏ ሸፍና ወደኔ ዞረች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ትኬቱን ለመቼ እንቁረጥ ይላሉ። ሐሙስ ይሻልሻል፣ ቅዳሜ?»

ይቅር በይኝ ማለት ነበረብኝ። አፌም ተከፍቶ ነበር።

«ቅዳሜ» አልሁ።