በቀን አንድ ሚሊ ሜትር

እህቴን ሰፈሩ «ጥድፊያ» ይላታል፤ በስሟ የሚጠራት የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ብቻ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ልብስ ሰፍታለች። ደንበኛው ሳይቀመጥ ለክታ ትጨርሳለች። ጨርቅ ስትመርጥ በዓይኗ አይደለም፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣቷ አሸት ታደርገውና «ይኼ ሲታጠብ ይሰበሰባል» ትላለች፤ ይሰበሰባልም። እኔ ታናሽ እህቷ ቁልፍ እተክላለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ ቁጣዋንም እጠጣለሁ።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። እሷ የምትለቅምበትንም እጅ ልታጣ ነበር። አንድ ማለዳ የሱቃችንን መስታወት በር እጀታውን ትታ መስታወቱን ገፋችው፤ ተሰብሮ የቀኝ እጇን አንጓ ቆረጠው። ደሙ ቆመ፣ ቁስሉ ተሰፋ፤ ጣቶቿ ግን ደነዘዙ። የተበጠሰው ነርቭ ነበር።

ዶክተሩ ነርቩን ገጥሞ ከሰፋ በኋላ ወረቀት ላይ እየሳለ አስረዳን። የነርቭ ሴሉ አካል ጀርባ ላይ፣ አከርካሪው አጠገብ ነው ያለው፤ ከሱ የወጣ ቀጭን ጭራ ግን ክንድን አቋርጦ ጣት ጫፍ ይደርሳል። ጣት የነካውን ጭራው በኤሌክትሪክ ምልክት ይልካል። አንዱ ሴል ከሌላው ጋር አይነካካም፤ በመሃል ያለችውን ጠባብ ክፍተት መልእክቱ በኬሚካል ይሻገራል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ አንጎል ያደርሱታል። ጭራውን የሚሸፍኑና የሚንከባከቡ ሌሎች ሴሎችም አሉ።

«ከተቆረጠበት ወዲያ ያለው ጭራ ይሞታል፤ ሽፋኑ ግን ባዶውን ይቆያል። አዲሱ ጭራ በዚያ ውስጥ ያድጋል» አለ።

«ላስቲክ በወገብ እጥፋት ውስጥ እንደማስገባት?» አለች እህቴ።

«እንደሱ። በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉ እስኪሄድ ዶሮዋ ታረጃለች፣ ዶክተር» አለችው።

ቤት እንደገባን ሜትሯን አውጥታ ከአንጓዋ እስከ ሌባ ጣቷ ጫፍ ለካች፤ አሥራ ሰባት ሴንቲ። ጭራው ማደግ እስኪጀምር ይፈጃል ብሎ ዶክተሩ ከነገረን አንድ ወር ጋር ሁለት መቶ ቀን። «በሁለት መቶኛው ቀን ካልመጣ የስፌት መኪናዬን ለጎረቤታችን ለሱሪ ሰፊው እሸጣለሁ» አለች። ማስፈራሪያ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ሰላም አጣ። በየማለዳው እጇ ላይ በጠመኔ መስመር እያሰመረች ደረሰ ወይ ትላለች። ቁጭ ብድግ፣ በር ከፍታ መዝጋት፣ መቀሱን አንስቶ መመለስ። እኔን ግን የበለጠ ያናደደኝ የካውያው ነገር ነው። ልብስ ሰፊ ካውያ መጋሉን የሚያውቀው ጣቱን በምራቁ አርሶ ነካ በማድረግ ነው፤ ሲሞቅ «ትስ» ይላል፣ ጣት ይሸሻል። እሷ በልማድ በዚያችው በደነዘዘች ጣቷ ነካችው። ጣቷ አልሸሸም። እኔ ሸቶኝ የተቃጠለ ጨርቅ ፍለጋ ዞር ስል እሷ ጣቷን ካውያው ላይ እንዳደረገች ቆማለች።

«ምን ሸተተኝ?» አለችኝ።

ጮህኩባት፤ ሰው ነሽ ወይስ ግድግዳ አልኳት። ከልቤ አልነበረም፣ ፍርሃቴን የማወጣበት ሌላ መንገድ አላውቅም።

ሁለት መቶኛው ቀን መጣ፤ ጣቷ ዝም። ሱሪ ሰፊው መኪናዋን ሊወስድ መጣ።

«እትዬ፣ እስቲ መኪናዋን ስትሠራ ልያት» አላት።

ፊቷን አዙራ ቁራጭ ጨርቅ አስገባች፣ እንደ ድሮው ረገጠች። መርፌው ወጋት።

«ወጋኝ!» ብላ መሃል ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች። ደሙ ግን ከሌባ ጣቷ ነበር የሚወርደው። ሱሪ ሰፊው አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየ።

ዶክተሩ ዘንድ በሩጫ ሄድን። ጣቷን ነካ ነካ አድርጎ ፈገግ አለ። «ጭራዎቹ ደርሰዋል፤ አንዳንዶቹ ግን የሌላ ጣት ሽፋን ውስጥ ገብተዋል። አንጎልዎ መልእክቱ ከድሮው ጣት የመጣ ይመስለዋል። እንደገና ማስተማር ነው፤ ጨፍነው ይንኩ፣ ከዚያ ገልጠው ይዩ። ወራት ይፈጃል።»

ወራት ሲል እኔ ለጩኸቷ ተዘጋጀሁ። እሷ ግን አልጮኸችም።

ሱቅ ስንመለስ ሱሪ ሰፊው አሁንም በሩ ላይ ነበር። «አልሸጥም፣ ወንድሜ፤ ስላለፋሁህ ይቅርታ» አለችው። ገብታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሳትቁነጠነጥ ስትቀመጥ ማየት ብርቅ ሆነብኝ። ዓይኗን ጨፈነች።

«የሆነ ነገር ስጪኝ» አለች።

ቁልፍ ልፈልግ ብዬ መሳቢያ ስከፍት ምንም አልታየኝም፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶት ነበር። የራሴን እጅ ሰጠኋት። በሌባ ጣቷ መዳፌን ቀስ ብላ ዳሰሰች፣ ቆመች፣ ደግማ ዳሰሰች።

«ቀዝቃዛ ነው» አለች። «ላብም አለው። አንቺ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ፈርተሽ ነበር እንዴ?»

«በጣም» አልኳት።