ካኪ ፖስታ ውስጥ የገባው ጨርቅ

በዚያ ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ገንዳ ውሃ ከተማ ሻይ እየሸጥኩ ብቻዬን እኖራለሁ። ቁስለኛ ታጣቂ ደብቀሻል ብለው ፖሊሶች ቤቴን ሊፈትሹ መጡ። በታዛቢነት የጠሩት ደግሞ ጎረቤቴን፣ አጎቴን ነው።

መርማሪው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ አልዋሽም። ጓንት አጠለቀ። ከፍራሼ ሥር ደም የነካው ጨርቅ ሲያገኝ ቶሎ አላነሳውም፤ መጀመሪያ እዚያው እንዳለ ፎቶ አነሳው። ቀጥሎ ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግቶ፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጎ ደገመው። አንዱ ፖሊስ ፌስታል ቢያቀብለው፣ "በላስቲክ አይሆንም፣ ይሻግታል" ብሎ ካኪ ፖስታ ውስጥ ከተተው።

"ይፈርሙ አባባ፣ ያዩትን ነው።"

አጎቴ እስክሪቢቶውን እንደያዙ ወደኔ ዞሩ። "ልጄ፣ የማን ደም ነው?"

አቀረቀርኩ። የወር አበባዬ ነበር፤ የውኃ ቦቴው መጥቶ እስካጥበው ደብቄው ነው። እኛ ዘንድ እንኳን ለአጎት፣ ለእናትም በጨረፍታ ነው የሚነገር። እሳቸው ፊት ይህን ከማለት እስሩ ቀለለኝ። ፈረሙ፤ እኔንም ወሰዱኝ።

ያሰሩን ድሮ የሰሊጥ መጋዘን በነበረ ቆርቆሮ ቤት ነው። ከሙቀቱ የተነሳ የላበው እግራችን ላይ ከወለሉ ስንጥቅ የቀረው ሰሊጥ ይጣበቃል። ለአጨዳ ከወሎ የመጣች ሴት አብራኝ ታስራ ነበር። ነገሩን በጆሮዋ ነገርኳት።

"ታዲያ አልነገርሽውም?"

"አፈርኩ።"

"አይ አንቺ ልጅ! ሐፍረት ጠበቃ አይሆንሽ። ያ ፖስታ ለምርመራ አዲስ አበባ ደርሶ እስኪመለስ እዚሁ ትሸብቻለሽ።"

በማግስቱ መርማሪው አስጠራኝ። አጎቴም ፊርማቸውን ሊያረጋግጡ ቀርበው ተቀምጠዋል።

"የማን ደም ነው?" አለኝ እሱም በተራው።

ፊቴ ጋለ። "የኔ ነው። የወር አበባዬ ነው።"

መርማሪው መጻፉን አቆመ። አጎቴ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

"ይጻፉት እንጂ" አልኩት። "ሌላውን ሁሉ ጽፈው የለ?"

ጻፈው። ከክንዴ ደም ቀድተው ከጨርቁ ጋር ላኩት። የኔው ደም ነው የሚል መልስ እስኪመጣ ብዙ ቆየሁ፤ መጣና ለቀቁኝ።

ዛሬም ስጽፈው ፊቴ ይግላል። ያ ሰው የሥራውን ደንብ አንድም አላጓደለም፤ እኔም አልዋሸሁ። የማፍረው ግን እኔ ነኝ።

አጎቴ ስለዚያ ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። ከዚያ ወዲህ ግን ለፍተሻ ታዛቢ ይሁኑ ሲባሉ፣ አስቀድመው ሚስታቸውን ይጠራሉ፤ እሷ ካልገባች እሳቸውም አይገቡ።