የባንኮኒው ዙሉኛ

ዱካሞ ጆሃንስበርግ ከገባ አስራ አራት ዓመት ሞላው፤ ከተማዋን ግን እስከ ዛሬ ያያት በፍርግርግ ነው። ኮዝሞ ሲቲ ያለችው ሱቁ ከባንኮኒው እስከ ጣሪያው በብረት የታጠረች ስለሆነች፣ ደንበኞቹን የሚያውቃቸው በእጃቸውና በግማሽ ፊታቸው ነው። ዙሉኛውም ከዚያ አላለፈም። ማሊኒ፣ ስንት ነው፤ አይኮ፣ የለም፤ ኩሳሳ፣ ነገ። በእነዚህ ሦስት ቃላት ቤት አቁሟል፣ ልጅ አስተምሯል፤ ሌላ ቃል ምን ያደርግለታል?

ሌላ ቃል ያስፈለገው ልጁ ፊቤ የሶዌቶ ልጅ ላገባ ነው ያለች ዕለት ነው። ልጁ ሙዚ ይባላል፤ መካኒክ ነው፤ ሰው አክባሪ፣ ሳቂታ። ሁለቱ ቤተሰቦች የሚተዋወቁበት ቀን ተቆረጠ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ከቸርች መልስ፣ በሙዚ አያት ቤት። በዚያ ቀን አባት ልጁን ይመርቃል።

"አባዬ፣ ምን አስጨነቀህ? እኔ ትራንስሌት አደርግልሃለሁ" አለች ፊቤ።

"ልጄን በሰው አፍ አልመርቅም!"

"እኔ ሰው ነኝ?"

"ለዚህ ጉዳይ ሰው ነሽ።"

ሚስቱ ኤርጎጌ ዳቦ እየደረደረች ትሰማ ነበር። "በአስራ አራት ዓመት ያልገባህ ቋንቋ በሦስት ቅዳሜ ሊገባህ! በል ሂድ፣ ሾፑን እኔ እይዛለሁ" አለችው። ሳቋን ግን አልያዘችውም።

ዱካሞ በሃምሳ ዓመቱ ተማሪ የሆነው እንዲህ ነው። ሶዌቶ ውስጥ ኦርላንዶ ሰፈር የሚኖሩ ማንድሎቩ የሚባሉ ጡረተኛ አስተማሪ፣ ከዓርብ ማታ እስከ እሁድ ጠዋት ቤታቸው እያሳደሩ ሊያስተምሩት ተስማሙ። ዱካሞ ጨዋ ነው፤ ሴትዮዋ ሳሎን በገቡ ቁጥር ብድግ ይላል። እሳቸው ደግሞ ብድግ ባለ ቁጥር "ሽንት ቤቱ በስተግራ ነው" ይሉታል። እንዳያስቀይማቸው ብሎ ይሄድና እጁን ታጥቦ ይመለሳል። በሁለተኛው ሳምንት ማንድሎቩ ስለ ኩላሊቱ ከልባቸው ያስቡ ጀመር።

በሦስተኛው ቅዳሜ ጠዋት ምርቃቱን ከደብተር ላይ እንደ ጥቅስ ሲሸመድድ መጥተው ደብተሩን ቀሙት።

"ያንተ ዙሉኛ ሰው ይሸኛል እንጂ ሰው አያስገባም" አሉት በእንግሊዝኛ። "ዛሬ ወጥተን አገር እናያለን። መንገድ ላይ ያገኘኸውን ሁሉ ሰላም ትላለህ።"

ዱካሞ ለጉብኝት ምን እንደሚለበስ አያውቅም፤ ለእሁድ ያመጣውን ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ግጥም አድርጎ ለበሰ። ማንድሎቩ አዩትና በሩን ከፈቱለት፤ አስተማሪ ናቸው፣ ብዙ አይተዋል።

መጀመሪያ የወሰዱት ኦርላንዶ ካሉት ሁለት ማማዎች ሥር ነው። የድሮ የኃይል ማመንጫ ናቸው፤ ዛሬ ከእግር እስከ አናታቸው ሥዕል ተሥሎባቸዋል። ዱካሞ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሥዕሉን ሲያይ አንድ ጎረምሳ ከላይ ተወርውሮ ወረደ።

"ኢየሱስ! ሰው ሞተ! ኧረ ሰው ሞተ!" ከረባቱን በትከሻው ጥሎ ሮጠ። ጎረምሳው በላስቲክ ገመድ ታስሮ ሽቅብ ቁልቁል ሲል፣ ሰዉ እያጨበጨበ ኖሯል።

"ከፍሎ ነው የሚዘለው" አሉት ማንድሎቩ ደርሰው፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

"ከፍሎ?" ዱካሞ ትንፋሹን ሰበሰበ። "እኔም ከፍዬ ዘልያለሁ፣ ስንት አገር። ይኼኛው እኮ መልሶ እዚሁ ነው የሚወርደው!"

ከዚያ ቱሪስት ወደሚርመሰመስበት ወደ ቪላካዚ መንገድ ሄዱ። ማንድሎቩ ባገኙት ሰው ሁሉ ፊት ያቆሙታል፣ እሱም ሳውቦና ይላል። ደግሞ ሰላምታው በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም። አንተ ደህና ነህ፣ ቤት እንዴት ነው፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው። ዱካሞ ደስ አለው፤ ይኼማ የትውልድ አገሩ የዱራሜ ሰላምታ ነው። እስከ ዛሬ ማንም በፍርግርጉ በኩል ልጆችህ እንዴት ናቸው ያላለው ሰዉ ከፍቶ ይመስለው ነበር። ለካ ማሊኒ ብሎ የሚጀምረው እሱ ራሱ ነው።

ምሳ ኮታ በሉ፤ ሩብ ዳቦ ተፈልፍሎ ድንች ጥብስና ቋሊማ የሚሞላበት ነው። ለኮታ የሚሆነውን ዳቦ ስንት ዓመት ሸጧል፣ ቁጭ ብሎ በልቶት ግን አያውቅም። ስጎው ከረባቱ ላይ ሲንጠባጠብ አንዲት ካሜራ ያንጠለጠለች ቱሪስት አጠገቡ ተቀምጣ፣ ሌላ ምን ብናይ ይሻላል ስትል ጠየቀችው።

"እኔም ለማየት ነው የመጣሁት" አላት።

"ከመጣህ ስንት ቀንህ ነው?"

"አስራ አራት ዓመት።"

ቱሪስቷ ቀልድ መስሏት ከት ብላ ሳቀች፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ወዲያው ግን አንድ ነገር ትዝ አለውና ሳቁ ጠፋ። ፊቤ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ማማዎቹን አሳየኝ ብላ ለምናው ነበር። ነገ አላት። በሚቀጥለው ቅዳሜም ነገ አላት፤ ከዚያ በኋላ መጠየቅ ተወች። ዱካሞ አፈረ፤ እዚያው አግዳሚው ላይ፣ ኮታው በእጁ እንዳለ፣ እንደ ልጅ አፈረ።

እሁድ ደረሰ። ኤርጎጌና ፊቤ ከቸርች መጡና ሦስቱም የሙዚ አያት ቤት ገቡ። ሳሎኑ በዘመድ ጢም ብሏል። ጥቂት ቆይተው የቤቱ ሽማግሌ፣ የሙዚ አያት፣ ሁሉም ምኩሉ፣ አያታችን የሚሏቸው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ዱካሞ እንደ ወታደር ብድግ አለ።

ሌላው ሁሉ እንደተቀመጠ ነው። ሽማግሌው ከበሩ ላይ ቀጥ አሉ።

"ህላላ ፓንሲ" አሉ። ተቀመጥ ማለት ነው።

ዱካሞ ገብቶታል። ግን ሽማግሌ ቆሞ እሱ ሊቀመጥ? ደግሞስ በመጀመሪያው ግብዣ እሺ የሚል ምን ዓይነት ስድ ነው? "ቻ፣ ባባ!" አለ ጎንበስ ብሎ። አይሆንም፣ አባቴ።

"ህላላ ፓንሲ!"

"ቻ፣ ባባ!"

ምኩሉ ፊታቸው ጠቆረ። እሳቸውም አልተቀመጡ፣ እሱም አልተቀመጠ። ሙዚ ለፊቤ አንሾካሾከላት፣ ፊቤም ለአባቷ።

"አባዬ፣ እዚህ ቤት የሚያከብር ሰው ይቀመጣል። በሽማግሌ ፊት ቀጥ ብሎ መቆም፣ ካንተ እበልጣለሁ ማለት ነው።"

ዱካሞ ሶፋውን አልፎ ምንጣፉ ላይ ዘጭ አለ። "አዋረድኩሽ አይደል ልጄ?" አላት።

ሙዚ በእነ ፊቤ አገር ብድግ ማለት ክብር እንደሆነ ለአያቱ ሲያስረዳ ምኩሉ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ወዲያው ደግሞ ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ እያቃሰቱ፣ ለዱካሞ ብድግ አሉለት። ዱካሞ ሊነሳ ሲል ኤርጎጌ ኮቱን ከኋላ ጨምድዳ ይዛ፣ "ንቅንቅ እንዳትል!" አለችው።

የምርቃቱ ጊዜ ሲደርስ ዱካሞ አፉን ከፈተ፤ ሦስት ቅዳሜ የሸመደደው ዙሉኛ ሁሉ ጠፋበት። ቢፈልግ ቢፈልግ ያገኘው "አይኮ" የሚለውን ብቻ ነው። ፊቤን አያት፣ እሷም ከሙዚ አጠገብ ተነስታ መጥታ ምንጣፉ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች። በአማርኛ ጀመረ።

"ወልዶ ለመሳም፣ ዘርቶ ለመቃም ያብቃችሁ።" ፊቤ ተረጎመች፤ ቤቱ አሜን አለ። "ቤታችሁ ሰው አይጣ።" አሁንም ተረጎመች። ዱካሞ ወደ ፊቤ ዞረ። "እግዚአብሔር ቅዳሜ ቅዳሜ አባት የሚገኝበት ቤት ይስጥሽ።"

ፊቤ አቀረቀረች።

"ምን አለ?" አሉ ምኩሉ።

"አባዬ፣ ይህን እኔ አልልም" አለችው፣ አይኗ ሞልቶ።

"በይ እንጂ፣ እውነት ነው። ካንቺ ሌላ ማን ይበለው?"

አለችው፤ በዙሉኛ፣ ድምፅዋ ሁለት ጊዜ እየተቆረጠ። ሙዚ ቅዳሜም ጋራዥ ይገባል፤ ከሁሉ ቀድሞ አሜን ያለው ግን እሱ ነው።